ወልቆ የተመለሰ ክርን ለምን አልዘረጋም ይላል?

ጥያቄው፦ «ደረጃ ላይ ወድቄ በመዳፌ ስደገፍ የቀኝ ክርኔ ወደ ኋላ ወለቀ። ሐኪም መለሰው፤ ኤክስሬይ ላይ ስብራት የለም ተባልኩና ለ3 ሳምንት በጀሶ ታሰርኩ። አደጋው ከደረሰ 7 ሳምንት ሆኖኛል። መዳፌን ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልቤ አዞራለሁ፤ ክርኔ ግን 35 ዲግሪ ሲቀረው መዘርጋቱን ያቆማል፤ ሲታጠፍም ከ115 ዲግሪ አያልፍም። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ቀላል መገጣጠሚያ ይመስለኝ ነበር። ምን ነካው? በኃይል ቢታሽ ይለቃል?»

የመጨረሻውን ላስቀድም፦ በኃይል አይታሹት፤ ሌላ ሰውም በጉልበት እንዲገፋልዎት አይፍቀዱ። ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው የመገጣጠሚያው አሠራር ሲታወቅ ስለሆነ ከዚያ እንነሳ።

የበር ማጠፊያ የሚለው ንጽጽር ግማሹ ልክ ነው። ክርን በአንድ ከረጢት የተጠቀለሉ ሦስት መገጣጠሚያዎች ናቸው። መዳፍዎን ወደ ፊት አድርገው ክንድዎን ቢዘረጉ፣ የላይኛው ክንድ አጥንት የታችኛው ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል ትሮክሊያ የሚባል፣ መሀሉ የሰረጎደ የክር ማጠንጠኛ የመሰለ ቅርጽ አለው። በአውራ ጣት በኩል ደግሞ ካፒቴለም የሚባል ግማሽ ኳስ አለ። ከታች ክንድ ሁለት አጥንቶች አንዱ አልና፣ ትሮክሊያን እንደ ብሎን መፍቻ አፍ ከፊትና ከኋላ ነክሶ ይይዘዋል። የኋላው መንጋጋ ጠረጴዛ ላይ የምንደገፍበት ሹል አጥንት፣ ኦሌክራነን ነው፤ የፊተኛው አጠር ያለው ኮሮኖይድ ይባላል። ማጠፊያ የሚባለው ይህ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የታች ክንድ አጥንት፣ ራዲየስ፣ ሌላ ታሪክ አለው። ራሱ ከላይ ጎድጎድ ያለ ክብ ዲስክ ነው፤ ጉድጓዱ የካፒቴለምን ኳስ ይቀበላል፣ ጎኑ ደግሞ አልና ላይ ባለ ትንሽ ሰርጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። እንዳያመልጥ ቀለበት የሚመስል ጅማት ይከበዋል፤ ከክቡ አራት አምስተኛ ያህሉን ጅማቱ፣ ቀሪውን አልና ይሸፍናሉ። መዳፍ የሚገለበጠው እዚህ ሽክርክሪት ላይ ነው። እርስዎ መዳፍዎን እንደ ልብ ማዞር መቻልዎ ትልቅ መረጃ ነው፦ ቀለበቱም የራዲየስ ራስም ደህና የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ችግሩ ከሞላ ጎደል ማጠፊያው ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። በተግባርም ጥሩ ዜና ነው። መዳፍን ወደ ታች ማዞር ያቃተው ሰው ትከሻውን ከጎኑ ከፍ አድርጎ ይሸፋፍነዋል፤ ወደ ላይ ማዞር ያቃተውን ግን የሚተካለት መገጣጠሚያ የለም።

አሁን ወደ ማጠፊያው እንመለስ። ጤነኛ ክርን ከ0 እስከ 140 ወይም 145 ዲግሪ ይታጠፋል፤ አንዳንድ ሰው ከቀጥታ አልፎ 5 ወይም 10 ዲግሪ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ስለዚህ መለኪያዎ መጽሐፍ ሳይሆን ደህነኛው ግራ ክርንዎ ይሁን። ይህ ሰፊ እንቅስቃሴ የተገኘው በጥንቃቄ በተመጣጠነ ዘንበላ ነው፦ የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ከግንዱ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የአልና አፍም በተመሳሳይ መጠን ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይከፈታል። ሁለቱ ባይጣጣሙ ኖሮ ኮሮኖይድ ገና በመካከሉ ከላይኛው አጥንት ጋር ይጋጭ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጫፎቹ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል። ስንዘረጋ ኦሌክራነን ከትሮክሊያ በላይ፣ ከኋላ ባለ ጉድጓድ ይገባል፤ ስናጥፍ ኮሮኖይድ ከፊት ባለ ሌላ ጉድጓድ ይገባል። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ሰው ተፈጥሮ ቀዳዳ አድርጎ ይተወዋል፣ ጉዳትም የለውም። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠባሳ ወይም የአጥንት ስባሪ ከገባበት እንቅስቃሴው በዲግሪዎች ይቀንሳል። ትከሻ ሰፊ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ችላ ብሎ ያልፈዋል፤ ክርን አያልፈውም።

ይኸው ጥብቅ ገጠመ አንድ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፦ ክርን በአጥንቱ ቅርጽ ብቻ እንኳ ብዙ ይጸናል። የቀረውን የጎን ጅማቶች ይሠሩታል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጅማት ፊተኛ ክር ክርኑ ወደ ውጭ እንዳይከፈት ዋናው ጠባቂ ነው፤ የራዲየስ ራስ ደግሞ ሁለተኛ ጠባቂ ሆኖ ከጎኑ ይቆማል። በአውራ ጣት በኩል ካሉት ክሮች አንዱ የራዲየስን ራስ ከኋላው አቅፎ አልና ላይ ይታሰራል፤ የታች ክንድ በጠቅላላው ወደ ውጭ ተጠምዝዞ እንዳያመልጥ የሚይዘው እሱ ነው። ሰው በተዘረጋ መዳፍ ላይ ሲወድቅ የሰውነቱ ክብደት ክርኑን ይጨምቀዋል፣ ወደ ውጭ ይከፍተዋል፣ የታች ክንድን ያጠማዝዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ መቀደዱ በአውራ ጣት በኩል ይጀምርና ከፊትና ከኋላ ከረጢቱን ይዞ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይሻገራል። ስለዚህ «ስብራት የለም» ማለት «ጉዳት የለም» ማለት አይደለም፤ ክርን ሙሉ በሙሉ ሲወልቅ ከረጢቱና የጎን ጅማቶቹ በሰፊው ተቀድደዋል።

የድርቀቱ ቁልፍ ከረጢቱ ነው። ጤነኛ የክርን ከረጢት 25 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይይዛል፤ ብዙ የሚይዘው ግን ሙሉ ተዘርግቶም ሙሉ ታጥፎም ሳይሆን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው። ክርኑ ሲጎዳ ውስጡ ደምና ፈሳሽ ይሞላል፤ በሽተኛውም ሳያስበው ግፊቱ ወደሚቀንስበት ወደዚያ ማዕዘን ይሄዳል። ጀሶም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይታሰራል። የተቀደደው ከረጢት ታጥፎ እንደቆመ ይጠግጋል፤ ጠባሳ ሆኖ ይወፍራል፣ ያጥራል። የደረቀ ክርን ሲለካ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የሚይዝ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ላይ ብራኪያሊስ የሚባለው ጡንቻ አለ። ከላይኛው ክንድ ፊት በሚታየው ጡንቻ በባይሴፕስ ሥር ተደብቆ ስሙ አይነሳም እንጂ ዋናው አጣፊ እሱ ነው፤ ሥጋው በቀጥታ የፊተኛው ከረጢት ላይ ተንተርሷል። ክርን ወደ ኋላ ሲወልቅ ይህ ጡንቻ ይቀደዳል፣ ይደማል። የደማ ጡንቻ ደግሞ አንዳንዴ አጥንት ያበቅላል።

በኃይል ማሸትን የማልወደው በዚህ ነው። በጉልበት የተገፋ ጠባሳ እንደገና ይቀደዳል፤ ይደማል፤ ያብጣል፤ ሕመሙ ብራኪያሊስን ያኮማትረዋል፤ በሳምንቱ ክርኑ ከነበረበት ይብሳል። ጡንቻ ውስጥ አጥንት የማደግ ስጋቱንም ይጨምራል ተብሎ ይፈራል። ክርን በጉልበት የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ ቀላሉ ይሆን ነበር።

ሦስት ሳምንት መታሰርዎ የመጨረሻው ዳርቻ ላይ ነው። ስብራት የሌለው ውልቀት ከተመለሰ በኋላ ጽኑ ከሆነ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ማንቀሳቀስ ይመረጣል፤ ከ3 ሳምንት ያለፈ እስራት የድርቀት ዋና መንገድ ነው። ያለፈውን መመለስ ባይቻልም 7 ሳምንት ገና ለጋ ጊዜ ነው፤ ጠባሳው እስካሁን ይለጠጣል።

መጀመሪያ መለየት ያለብዎት የሚያግድዎት ምን እንደሆነ ነው። ክርንዎን በእርጋታ እስከሚችለው ዘርግተው በደህነኛው እጅ ቀስ ብለው ጥቂት ይጫኑት። መጨረሻው እንደ ጎማ ለጠጥ ካለና ከፊት በኩል የመወጠር ስሜት ከሰጠዎት ከረጢቱና ጡንቻው ናቸው፤ ይህ በሥራ ይሻሻላል። እንደ ድንጋይ ድንገት «ገጭ» ብሎ ከቆመ ግን ከኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ የአጥንት ስባሪ ወይም አዲስ የበቀለ አጥንት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በልምምድ መታገል ዋጋ የለውም፣ አዲስ ኤክስሬይ ይታዘዝ። ጡንቻ ውስጥ የሚያድግ አጥንት በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ኤክስሬይ ላይ መታየት ስለሚጀምር በመጀመሪያው ቀን የተነሳው ፊልም አያሳየውም። የኮሮኖይድ ትንሽ ጫፍ ተሰብሮ ተራ ኤክስሬይ የሚያመልጥበት ጊዜም አለ፤ ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይለየዋል።

ቁጥሮቹን በማዕዘን ብቻ አይመልከቷቸው። የላይኛው ክንድዎ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከክርን እስከ መዳፍ መሀል 35 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሙሉ ተዘርግቶ መዳፍዎ ከትከሻ 65 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 35 ዲግሪ ሲቀረው 62 ይሆናል፤ የጠፋው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በማጠፍ በኩል ግን ስሌቱ ይገለበጣል፦ 140 ዲግሪ የሚታጠፍ ክርን መዳፍን ከትከሻ 23 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያቀርበዋል፤ 115 ዲግሪ ላይ የቆመ ግን 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ያስቀረዋል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። አንገት መታጠብ፣ የሸሚዝ የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ፣ ስልክ ጆሮ ላይ ማድረስ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አብዛኛው የዕለት ሥራ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከናወናል፤ ስልክ ጆሮ ላይ መያዝ ግን 140 ገደማ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ አለመዘርጋቱ ያስጨንቀዋል፣ ከውጭ ስለሚታይ ነው። የእኔ ፍርድ ለእርስዎ ዋናው ሥራ ማጠፉ ነው የሚል ነው፤ መዘርጋቱ ከሚፈለገው 30 ዲግሪ የራቀው በ5 ብቻ ሲሆን ማጠፉ ግን ከ130 በ15 ይጎድላል።

ልምምዱ አጭርና ተደጋጋሚ መሆን አለበት። በቀን አንዴ ለአንድ ሰዓት ከመታገል፣ ንቁ በሆኑበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ መሥራት እጅግ ይሻላል። ከመጀመርዎ በፊት ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ፎጣ ያሙቁት። ከዚያ በጀርባዎ ይተኙና የላይኛውን ክንድ ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ በደህነኛው እጅ አንጓዎን ደግፈው የታች ክንድዎ በራሱ ክብደት ወደ ግንባርዎ እንዲወርድ ይልቀቁት፤ ከዚያ በራሱ ጉልበት ወደ ጣሪያ ይዘርጉት። ይህ አቀማመጥ ሁለት ጥቅም አለው፦ ክብደቱ ለማጠፍ ይረዳል፣ ሲዘረጉ ደግሞ ከላይኛው ክንድ ኋላ ያለው ዘርጊ ጡንቻ፣ ትራይሴፕስ፣ እየሠራ አልናን ትሮክሊያ ላይ አጥብቆ ያስቀምጠዋል። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደጋግሙት፤ ጫፍ ሲደርስ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ያቆዩት።

ለመዘርጋት ሌላ ዘዴ አለ። ጠረጴዛ ላይ ክንድዎን አጋድመው ከክርኑ ከፍ ብሎ የላይኛው ክንድ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ፤ ፎጣው ክርኑ ሥር ከገባ እንቅስቃሴውን ያግዳል እንጂ አይረዳም። መዳፉ ወደ ላይ ይሁን፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ነገር አንጓው ላይ አስረው ለ15 ደቂቃ ዝም ይበሉ። ቀላል ክብደት ለረጅም ጊዜ፤ ጠባሳ የሚገዛው ለዚህ ነው። ብራኪያሊስ ሲኮማተርብዎ ለመጎተት አይሞክሩ፤ ይልቅ ወደ መዘርጋት አቅጣጫ ለ5 ሰከንድ በቀስታ ትራይሴፕስን ያጥብቁት፤ አንዱ ሲሠራ ተቃራኒው ይላላልና።

መጠኑ ልክ መሆኑን የሚነግርዎት በማግስቱ ያለው ሁኔታ ነው። ከልምምድ በኋላ የሚሰማ መወጠር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከረገበ ደህና ነው። ጠዋት ሲነሱ ክርኑ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም ከትናንቱ ያነሰ ከታጠፈ አልፈዋል፤ ለሁለት ቀን በግማሽ ይቀንሱ። ማዕዘኑን በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ሰው እጅ፣ ጎኒዮሜትር በሚባለው የማዕዘን መለኪያ ይለኩት። የ5 ዲግሪ ልዩነት የመለካት ስህተት ሊሆን ስለሚችል በየቀኑ እየለኩ መደሰትም ማዘንም ከንቱ ነው።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት በትጋት ሠርተው ካልተነቃነቀ ፊዚዮቴራፒስቱ በብሎን ወይም በማጥበቂያ ቀበቶ ቀስ በቀስ የሚጠብቅ ድጋፍ ሊያዝልዎት ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለ30 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ መወጠሩ ሲለምድ ጥቂት ይጠብቃል። የሚያሳምም ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

«መቼ እቃ ላንሳ?» ብለው ባይጠይቁም ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ልጨምረው። 5 ኪሎ በመዳፍዎ ይዘው ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈዋል እንበል። እቃው ከክርኑ 35 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የታች ክንድና እጅ ራሳቸው 1.5 ኪሎ ያህል ሆነው መሀል ክብደታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። አጣፊው ጡንቻ ግን የሚጎትተው ከክርኑ እንቅስቃሴ ማዕከል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። 5 በ35 175፣ 1.5 በ15 22.5፤ ድምሩ ለ4 ሲካፈል 49 ኪሎ ይመጣል። 5 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው በ49 ኪሎ ጉልበት ይስባል፤ የመገጣጠሚያው ልም አጥንትም ወደ 43 ኪሎ ይጨመቃል። በእርግጥ ሥራውን ሦስት ጡንቻዎች ይካፈሉታል፤ ብራኪያሊስ ግን ርቀቱ ከባይሴፕስም ያነሰ ስለሆነ ስሌቱን አያቀለውም። ክርኑ እየተዘረጋ ሲሄድ የባይሴፕስ ርቀትም ያጥራል፤ ስለዚህ እቃን ከሰውነት አርቆ በሚንቀጠቀጥ እጅ መያዝ ለሚጠግግ ክርን ክፉው ነው። ተዘርግቶ የሚንጠለጠል ከባድ ቦርሳም በሌላ አቅጣጫ መገጣጠሚያውን ይጎትተዋል። እስከ 8ኛው ሳምንት ከ1 ኪሎ አይለፉ፤ ከዚያ እስከ 12ኛው ሳምንት በባለሙያ እይታ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ክንድዎን ከጎንዎ አርቀው ትከሻ ከፍታ ላይ እቃ መያዝ ደግሞ በአውራ ጣት በኩል ያለውን ጅማት ስለሚከፍተው ወደ መጨረሻው ያቆዩት።

ሁለት ምልክቶች ሲያዩ ልምምዱን አቁመው ሐኪም ጋር ይሂዱ። አንደኛው፣ ወንበር መደገፊያ ላይ መዳፍዎን ጭነው ሲነሱ ክርኑ የሚያመልጥ ከመሰለዎት ወይም «ቅልጥ» ካለ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጅማት አልጠገገም ማለት ነው፤ ይህ ከድርቀት ተቃራኒ ችግር ነው፣ መለጠጥ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ማጠፉ እየተሻሻለ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ክርን ሲመታ ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው አልናር ነርቭ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው ጉብታ ኋላ ያልፋል። የሚያልፍበት ቦይ ወለል ደግሞ ማጠፍን ከሚያግዱት አንዱ የሆነው፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጅማት የኋላ ክር ነው። ክርኑ ሲታጠፍ ነርቩ ይለጠጣል፣ ቦዩም ይጠባል። ለሳምንታት ያልታጠፈ ክርን በአንዴ ሲታጠፍ ነርቩ ያልለመደው ውጥረት ውስጥ ይገባል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ድንዛዜው ክርኑን ሲያቃኑ ወዲያው ከጠፋ የማጠፉን መጠን በ10 ዲግሪ ቀንሰው ይቀጥሉ፤ ሌሊትም ክርንዎን አጥፈው አይተኙ። ካልጠፋ ወይም ጣቶችዎን አራርቆ መግጠም ካቃተዎት ጊዜ አይስጡት።

የእንቅስቃሴ መሻሻል በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። 6 ወር ሞልቶት ሙሉ ለመዘርጋት ከ30 ዲግሪ በላይ የሚቀረው ወይም ሲታጠፍ ከ130 በታች የቆመ፣ ሥራዎንም የሚያግድ ክርን ካለዎት ከረጢቱን ስለሚለቅ ቀዶ ሕክምና ከአጥንት ሐኪም ጋር መነጋገር ያስኬዳል። ያኔ ማጠፉ ከ100 ዲግሪ በታች ከሆነ አልናር ነርቩንም በዚያው ቀዶ ሕክምና ነጻ ያወጡልኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ክርኑ ይታጠፍና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ።